ከዳዕሮው ፊት ለፊት ያለው በር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር መቀሌ ውስጥ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ኀፍረት ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንደዚያ ቀን ያለ እንቅልፍ በሕይወቴ ተኝቼ ስለማላውቅ ነው።

ሀዋሳ የምኖር መምህር ነኝ። የማስተምረው ስለ ዛፍ ነው። ሃያ ዓመት ዛፍ ሳይና ሳስተምር ስለኖርኩ፣ ምን እደብቃለሁ፣ በዛፍ ጉዳይ ኩራት ቢጤ አለብኝ። ባለቤቴ "ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ ሰላም የምትለው የግቢውን ዛፍ ነው" እያለች ትቀልድብኛለች። እውነቷን ነው።

መቀሌ የሄድኩት የአንዲት የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ልገመግም ነው። የውጭ ፈታኝ ይሉታል፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ፣ ጽሑፉን አንብቦ፣ ተማሪውን ፊት ለፊት ጠይቆ የሚፈርም ሰው ማለት ነው። ተማሪዋ ፍረወይኒ ትባላለች። ፈታኝና ተፈታኝ ከዕለቱ በፊት ስለማይገናኙ መልኳን አላውቅም። ጽሑፏ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በመቀሌ ከተማ ስላሉ ያረጁ ዛፎች ነው የጻፈችው።

የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ አስቀድማ ደውላልኝ ነበር። ፍረወይኒ ትምህርቱን ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ በጦርነቱ ጊዜ ሁሉም ነገር ተቋርጦ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ለፈተናዋ ሁለት ጊዜ ቀን ተቆርጦ፣ ሁለቱንም ጊዜ ፈታኙ ሳይመጣ ቀረ። "አሁን ካልተፈተነች የዘንድሮው ምረቃ ያልፋታል፤ የሚጠብቃት ሥራም ለሌላ ሰው ይሰጥባታል። እባክዎ መምህር፣ እርስዎ እንኳን አይቅሩብን" አለችኝ። "ካልሞትኩ እመጣለሁ" አልኳት።

እንደምመጣ ነገርኳት እንጂ ምን ይዤ እንደምመጣ አልነገርኳትም። ምዕራፍ አምስትን ላስወጣ ነበር የወሰንኩት። የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች ጥሩ ሥራ ናቸው፤ ዛፉ ተለክቷል፣ ዓይነቱ ተለይቷል። አምስተኛው ግን ሰው ስለ ዛፍ የሚያወራውን የሰበሰበችበት ነው። ዛፋቸው ተቆርጦ ስሙ ብቻ የቀረ ቦታዎችን እየዞረች፣ አሮጊት ሽማግሌ እየጠየቀች ጽፋለች። ሦስት አራት ገጽ አነበብኩና ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ ምዕራፉ አናት ላይ "የሌለ ዛፍ አይጠናም፤ ይውጣ" ብዬ ጻፍኩ። የቀረውን ሳላነበው ዘጋሁት።

አንድ ምዕራፍ ከወጣ ጽሑፉን እንደ አዲስ ማደራጀት እንዳለባትና ለምረቃው እንደማትደርስ አውቅ ነበር። አሳዘነችኝ። ግን ሥራ ሥራ ነው ብዬ ልቤን አጠነከርኩ።

ከግብዣው ደብዳቤ ጋር "ለእንግዶቻችን የጉዞና የማረፊያ ምክር" የሚል አንድ ገጽ ተያይዞ መጥቶልኝ ነበር። ጸሐፊዋ የጻፈችው ነው፤ እናት ልጇን መንገድ ስትሸኝ የምትለውን ይመስላል። ፀሐዩ ስለሚከር ባርኔጣ አይርሱ፤ ማታ ስለሚበርድ ሹራብ ይያዙ ይላል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ሮማናት አደባባይ ይምጡ፤ ከሮማናት ሓድነት ወደሚባለው ሰፈር የሚሄደውን ታክሲ ይያዙ ይላል። ከዚያ እንዲህ ይቀጥላል፦ "ዳዕሮ ላይ ይውረዱ። ማረፊያው ከዳዕሮው ፊት ለፊት ነው። የቤቱ እመቤት ምሳ አዘጋጅተው ይጠብቁዎታል። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መኪና መጥቶ ይወስድዎታል።" ፈተናው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዳዕሮ በትግርኛ ዋርካ ማለት እንደሆነ ከፍረወይኒ ጽሑፍ ተምሬያለሁ።

ከሀዋሳ ወጥቼ ዋዜማውን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አደርኩ። ማደር ከተባለ ነው፤ የዘመዴ ሕፃን እስኪነጋ ሲያለቅስ ነበር። ጠዋት እየተጣደፍኩ ስወጣ የስልኬን ቻርጀር እዚያው ረሳሁት። አውሮፕላኑ መቀሌ ሲያርፍ ስልኬ ሞቷል፤ እኔም ቆሜ የምተኛ ሰው ሆኛለሁ። ወረቀቱ ግን ኪሴ ውስጥ አለ፤ ምን አስጨነቀኝ?

ወረቀቱ እንዳለው አደረግሁ። ሮማናት ላይ ታክሲ ያዝኩ፤ "ዳዕሮ" አልኩ፤ ዳዕሮ ብለው አወረዱኝ። ታክሲው ሄደ። ዞር ብዬ ብመለከት አንድ ብየዳ ቤት፣ አንድ መድኃኒት ቤት፣ የቆሙ ባጃጆች፣ የተደረደረ ጀሪካን። ዛፍ የለም። ዋርካ ቀርቶ ቁጥቋጦ የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጠይቃል። እኔ ግን ሃያ ዓመት ዛፍ አስተምሬ፣ ብየዳ ቤት ገብቼ "ይቅርታ፣ እዚህ አካባቢ ዋርካ አይታችኋል?" ልበል? ዋርካ እኮ ቁልፍ አይደለም፤ አይጠፋም። ያለ ቦታዬ አውርደውኝ ነው አልኩና ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በእግሬ ተነሳሁ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ፀሐዩ ነጭ ነው፤ የድንጋይ አጥሮቹም ነጭ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ለምሳ ገብቶ መንገዱ ጭር ብሏል። ሀዋሳ ውስጥ ሰው አይጠፋም፤ ሐይቁ በየት በኩል እንዳለ ካወቅህ ሁሉንም ታውቃለህ። እዚህ ግን ሐይቅ የለም። በኮብልስቶኑ ላይ የራሴን ጫማ እየሰማሁ ሄድኩ። አንዱን ቅያስ ጨርሼ ወደ ሌላው ስታጠፍ የመጀመሪያውን እረሳዋለሁ። ያላለቀውን እንቅልፌን እየተኛሁ የምሄድ ነበር የሚመስለኝ።

ከዚያ አየሁት። ከአጥሮቹ በላይ፣ ከጣሪያዎቹ በላይ፣ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ትልቅ ራስ። ግንዱ ለአራት ሰው እቅፍ ይበቃል። ሥሩ ድንጋዩን አቅፎ ይዞታል። በዚያ ድካም ላይ ደስታው እንዴት እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። ሄጄ ግንዱን በእጄ ዳሰስኩት። ፊት ለፊቱ ደግሞ ገርበብ ያለ የብረት በር አለ። ልክ ወረቀቱ እንዳለው።

አንኳኳሁ። ነጠላ የለበሱ፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ ወጡ። "መምህር ነኝ፤ የዩኒቨርሲቲ እንግዳ" አልኩ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

"እንኳዕ ብደሓን መፃእኹም፤ ግቡ፣ ግቡ መምህር" አሉኝ። እንኳን ደህና መጡ ማለታቸው ነው፤ በትግርኛ ለአክብሮት አንዱንም ሰው እናንተ ይሉታል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል። በሳፋ ለብ ያለ ውሃ አምጥተው እግርዎን ይታጠቡ አሉኝ። ይሄ በወረቀቱ ላይ አልተጻፈም፣ ጥሩ አገልግሎት ነው አልኩ በልቤ። እንጀራ ዝግኒ በሚሉት የሥጋ ወጥ ቀረበልኝ፤ በላሁ። ዋይፋይ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። እንግዳ የሆነ ነገር እንደጠየቅሁ ሁሉ በሀዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልኬን ቻርጅ ማድረግ እፈልጋለሁ ብል መብራት ጠፍቷል አሉኝ። ከዚያ አልጋዬ የቱ እንደሆነ ጠየቅሁ። ትንሽ አመነቱና ግድግዳው ላይ የአንዲት ወጣት ፎቶ ወደተሰቀለበት ክፍል አስገቡኝ።

ጋደም ብዬ ትራሱን ሞከርኩትና "ትንሽ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ያለ ይኖር ይሆን?" አልኳቸው። ይህንን እኔ ነኝ ያልኩት። ዝቅ ያለ ትራስ አመጡልኝ። ፎጣም ጠይቄ ነበር። ፎጣም አመጡልኝ።

"ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ሲመጣ ይጠሩኛል" ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። መኪናው ሲመጣ ማለቴን ይስሙ አይስሙ አላጣራሁም።

መስኮቱ ክፍት ነበር። የዋርካው ጥላ በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ፍሬው አልፎ አልፎ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ይላል፤ ደግሞ ረጅም ዝምታ፤ ደግሞ ጠብ። ከውጭ የማላውቀው ቋንቋ በሹክሹክታ ይሰማኛል። አንዲት ሴት ትጠይቃለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች። የሚያወሩት ስለ እኔ እንደሆነ ገባኝ። ግን እንደዚያ በለሰለሰ ድምፅ የሚያወራ ሰው ምን ክፉ ያወራል ብዬ ተኛሁ።

በሕልሜ ዩኒቨርሲቲው ደሴት ላይ ነበር። የሀዋሳ ሐይቅ ነው፤ ግን ዳርቻ የለውም። የእንግዶች ምክር የሚለው ወረቀት እጄ ላይ አለ፤ "በጀልባ ይሳፈሩ፤ ዛፉ ጋ ሲደርሱ ይውረዱ" ይላል። ዛፉ ውሃው መካከል ቆሞ ይታየኛል። ጀልባዋ ትቀርባለች፤ ዛፉ ይርቃል። ደሴቱ ላይ አንዲት ልጅ ወረቀቶቿን ታቅፋ ቆማ ትጠብቃለች። ፊቷ አይለይም። "መጣሁ" ብዬ ልጮህ ስል ድምፅ የለኝም። የሚገርመው አልፈራሁም። ውሃው ሞቃት ነበር፤ ልክ እንደታጠብኩበት ውሃ።

ስነቃ የግድግዳው ጥላ ቦታ ቀይሯል። የእጅ ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ሰዓት ከሃምሳ።

ዘልዬ ወጣሁ። ሴትዮዋ ደጅ ላይ፣ ዋርካው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገዋል። አንዲት ጎረቤታቸው አጠገባቸው ነበረች። ሁለቱም ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

"መኪናው አልመጣም እንዴ?" አልኩ።

"የምን መኪና?" አሉ። ከዚያ ሌላ ነገር ሳልናገር ሁለት እጄን ያዙኝ። "መምህር፣ አሁን በሉ ንገሩኝ። ጓለይ... ልጄ ደህና ናት?"

"የትኛዋ ልጅዎ?"

"ከጅማ አይደለም የመጣችሁ? ከዩኒቨርሲቲዋ?"

"እኔ ከሀዋሳ ነኝ" አልኩ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የገባሁት ማረፊያ ቤት አይደለም። የሰው ቤት ነው። አደይ ትርሓስ ይሏቸዋል፤ አደይ እንደ እኛ እማማ ነው። ልጃቸው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ የተኛሁበት አልጋ የእሷ ነው፤ የግድግዳው ፎቶም የእሷ ነው። የማያውቁት መምህር በቀትር መጥቶ ወሬ ሳይናገር ሲበላና ሲተኛ፣ ክፉ ነገር ይዞ የመጣ መሰላቸው። ልጅቷ ጋ ቢደውሉ ስልኳ ዝግ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እኔ እስክነቃ ሲጠብቁ ነበር።

"ታዲያ ለምን አልቀሰቀሱኝም?" አልኳቸው።

"ደክሟችሁ ነበራ። እንግዳ ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ወሬ ይጠይቁታል እንዴ?"

መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ አሳየኋቸው። ጎረቤታቸው አነበበችላቸው።

"ዋይ ኣነ!" አሉ አደይ ትርሓስ። "ዳዕሮ የሚባለውማ ታክሲው ያወረዳችሁ ቦታ ነው። ዛፉ ከተቆረጠ ቆየ እኮ! አሁን ስሙ ብቻ ነው ያለው። ይሄን ሁሉም ሰው ያውቃል።"

ሁሉም ሰው ያውቃል። የዛፍ መምህሩ ብቻ አያውቅም።

በእሳቸው ስልክ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ደወልኩ፤ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ ተይዟል። በኋላ እንደሰማሁት ጸሐፊዋ የሞተውን የእኔን ስልክ እየደጋገመች እየደወለች ነበር። ወደ አእምሮዬ የመጣችው ፍረወይኒ ናት፤ ለሦስተኛ ጊዜ ባዶ ወንበር እያየች። "አንዲት ልጅ እየጠበቀችኝ ነው፤ ካልደረስኩ ምረቃዋ ያልፋታል" አልኳቸው።

አደይ ትርሓስ ሌላ አልጠየቁም። ጫማቸውን አደረጉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከፊቴ እየቀደሙ እስከ አስፋልቱ ወሰዱኝ። ባጃጅ አስቆሙ። እኔ ስገባ እሳቸውም ገቡ።

"እርስዎ ደግሞ ወዴት?" አልኩ።

"እንደገና ብትጠፉስ?" አሉኝ። የፍረወይኒን ጽሑፍ እንዳይወድቅ ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ያዙት። "ኣጆኹም፣ እንደርሳለን" ይሉኛል። እኔን ያጽናናሉ እንግዲህ፣ ሁለት ሰዓት ያስጨነቅኋቸውን ሰውዬ።

መንገድ ላይ ስልካቸው ጮኸ። ልጃቸው ናት፤ ፈተና ላይ ስለነበረች ነው ስልኳን የዘጋችው። አደይ ትርሓስ በትግርኛ ሲያወሩ አንድም ቃል አልገባኝም። ግን ሲስቁም ሲያለቅሱም ነበር፤ እኔም ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ደረስን። አንዲት ልጅ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ጉርድ ለብሳ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ወረቀቶቿን ታቅፋለች። ከጸሐፊዋ ጋር እየተጨባበጥን ሳለ ማን እንደሆንኩ ገባት መሰለኝ፣ ብድግ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን ጠረገች። ያን ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ቀይ ጽሑፍ ከበደኝ።

አዳራሹ ለማንም ክፍት ስለሆነ አደይ ትርሓስም ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ፍረወይኒ ሥራዋን አቀረበች። ድምጿ መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስለ ዛፎቹ ስታወራ ግን ጸና። የእኔ ተራ ሲደርስ ከተዘጋጀሁበት ጥያቄ ሁሉ አንዱም አልመጣልኝም። ከየት እንደሆነ እንጃ ሌላ መጣልኝ።

"ሓድነት ውስጥ ታክሲ የሚቆምበት ዳዕሮ የሚባል ቦታ አለ" አልኩ። "ዛፉ የለም። ምዕራፍ አምስት ላይ እሱን ለምን አላካተትሽውም?"

ግራ ተጋብታ አየችኝ። "አካትቼዋለሁ፣ መምህር" አለች ቀስ ብላ። "ገጽ ሰማንያ ሁለት።"

ገለጥኩ። ገጹ ንጹሕ ነው። የቀይ እስክሪብቶ ጭረት አላረፈበትም፤ ምክንያቱም አላነበብኩትም። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ዛፉ ማገዶ በጠፋበት ክፉ ጊዜ እንደተቆረጠ፣ የቆረጡት ሰዎች ራሳቸው እያለቀሱ እንደቆረጡት ጽፋለች። ሰዉ ግን እስካሁን ዳዕሮ ላይ ይቀጣጠራል፣ ዳዕሮ ላይ ይወርዳል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ "የከተማው ሰው በዚህ ስም አይጠፋም፤ ዛፉን የሚፈልግ እንግዳ ግን ሊጠፋ ይችላል።"

ማንበቤን አቆምኩ። ከኋላ የተቀመጡት አደይ ትርሓስ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

ከዚያ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ያለ ቻርጀር መውጣቴን፣ ሰው አለመጠየቄን፣ እግሬን መታጠቤን፣ ትራሱን ማስለወጤን ሁሉ። የፈተናው ሰብሳቢ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ፍረወይኒ መጀመሪያ መሳቅ ይገባት እንደሆነ አላወቀችም፤ በኋላ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ከሀዋሳ እስከ መቀሌ መልሱን በቦርሳዬ ይዤው እንደመጣሁ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ፈታኝ በመጨረሻ አስተያየት የጻፈበትን ቅጂ ለተማሪው ይሰጣል። ከመስጠቴ በፊት "የሌለ ዛፍ አይጠናም፤ ይውጣ" ያልኩትን ሰረዝኩት። እንዳይታይ አድርጌ አልሰረዝኩትም፤ እንድታየው ፈልጌያለሁ። ከሥሩ "ይቆይ። ፈታኙ ራሱ ጠፍቶ አረጋግጦታል" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ፍረወይኒ በዚያው ዓመት ተመረቀች። ሥራውንም አገኘች።

በማግሥቱ ወደ ሀዋሳ ከመመለሴ በፊት አደይ ትርሓስን ልሰናበት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ አላስጨረሱኝም። "ትራሱ አሁን ተስተካክሏል፣ ስትመጡ እዚሁ ነው የምታርፉት" ብለው ቀለዱብኝ። ልጃቸውም ከጅማ በስልክ "አልጋዬ ተመቸዎት?" ብላኛለች። አሁን በየበዓሉ እንደዋወላለን።

ከዚያ ወዲህ ስለ ራሴ አንድ ነገር አውቄያለሁ፤ የምኮራበት ነገር ነው የሚያሳውረኝ። እውነቱን ለመናገር ግን በመጥፋቴ አልጸጸትም። ባልጠፋ ኖሮ ልክ በሰዓቱ ደርሼ፣ በትክክለኛው ማረፊያ አርፌ፣ የልጅቷን ተስፋ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ እመለስ ነበር።

ዘንድሮ ለሌላ ተማሪ ፈተና ድጋሚ ጋብዘውኛል። የእንግዶች ምክር የሚለው ወረቀትም አብሮ መጥቷል። ባርኔጣው አለ፣ ሹራቡ አለ፣ ሮማናት አለ። አንድ መስመር ብቻ ተለውጧል፦ "ዳዕሮ ላይ ይውረዱ። ዛፍ አይፈልጉ።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምክሩ ትክክል ነው። እኔ ግን መቀሌ ስደርስ መጀመሪያ የምፈልገው የአደይ ትርሓስ ደጅ ላይ ያለውን ዛፍ ነው።